ሥራው አልቆ ገንዘቡ ሲቀር፦ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ችግርና መፍትሄ

ደሴ ላይ ብቻዬን ግራፊክስ ዲዛይን እሠራለሁ፤ ሎጎ፣ የሆቴል ሜኑ፣ የሠርግ ካርድ፣ ባነር። ከኮምቦልቻና ከወልዲያም ሥራ ይመጣልኛል። በዚሁ ሥራ የገቡ ልጆች ሲጨንቃቸው ይደውሉልኛል፤ የሚነግሩኝ ችግር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያው አንዱ ነው። ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና የባንክ ሒሳብ እንዳላችሁ ቆጥሬ እጽፋለሁ።

ምልክት፦ ሥራው ተልኳል፣ ደንበኛው ግን ስልክ አያነሳም

መንስኤው በመጀመሪያው ቀን ቀብድ አለመቀበል ነው። የሱ መንስኤ ደግሞ ይሉኝታ። «የአገሬ ልጅ ነው»፣ «አባቱን አውቃቸዋለሁ»፣ «ሳልሠራ ብር ብጠይቅ ምን ይለኛል»። እኛ አገር ሥራ ሊያዝ የመጣ ሰው በሥራ አይጀምርም። የቤተሰብ ደኅንነት ይጠይቃል፣ ቡና ይጋብዛል፣ ሊነሳ ሲል «አብሽር፣ ስለ ብሩ አታስብ» ይላል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህች ላይ ነው። አብሽር ተብሎ የተጀመረ ሥራ ዋጋውም ቀኑም አይታወቅም።

መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ሲደርስ ተሳላሚው በደሴ ስለሚያልፍ ሆቴሎች ይሯሯጣሉ። አንድ ባለ ሆቴል ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጠርተው ሜኑና የበር ባነር አዘዙኝ። ቀብድ ልጠይቅ አስቤ ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። አሥራ ሁለት ቀን ሠራሁ። የጥብሱን ዋጋ ብቻ አራት ጊዜ አስቀየሩኝ። ሜኑው ታተመ፣ በዓሉ አለፈ፣ ጥቅምት ላይ ልጠይቅ ስሄድ «ልጄ፣ ዘንድሮ እኮ ገበያው እንዳሰብነው አልሆነም» አሉኝ። የሳቸው ገበያ መቀዝቀዝ የኔ ዕዳ ሆነ ማለት ነው። ሜኑው ዛሬም ጠረጴዛቸው ላይ አለ፤ ጠርዙ በወጥ ወይቧል።

መፍትሄው ግማሹን ቀብድ መቀበል ነው። ንግግሩም አጭር ይሁን፦ «ጋሼ፣ ቀብዱ እንደገባ ዛሬውኑ እጀምርልዎታለሁ።» ከዚያ ዝም በሉ። ምክንያት አትደርድሩ፣ ይቅርታም አትጠይቁ። ልብስ ሰፊው ቀብድ ይቀበላል፣ በርና መስኮት የሚሠራው ብረት ሠሪም ይቀበላል፤ ማንም አይቀየማቸውም። ሕጉም ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል፦ ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ እናንተንም ይይዛል። 3,000 ብር ተቀብላችሁ ሥራውን ብትተዉ የምትመልሱት 6,000 ነው። የማትጨርሱትን ሥራ ቀብድ አትንኩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። አንድ ባለ ሱቅ የባንክ ማስተላለፊያ ምስል ልኮልኝ አምኜ ፋይሉን ለቀቅሁለት። ማታ ሒሳቤን ስከፍት ምንም አልገባም። ደረሰኙን አጉልቼ ሳየው የቀኑ ቁጥር ከሌላው ጽሑፍ ወፈር ያለ ነው፤ ተቀይሯል። ቴሌብርም ይሁን ባንክ፣ ቀሪ ሒሳባችሁን ራሳችሁ ከፍታችሁ ሳታዩ አንድም ፋይል አይውጣ።

ውሉ በቴሌግራም አምስት መስመር ይበቃዋል፦ ምን እንደሚሠራ፣ ዋጋው፣ ቀብዱ፣ የርክክቡ ቀን፣ ስንት እርማት እንዳለው። ደንበኛው «እሺ» ብሎ በጽሑፍ ይመልስ። የሰባት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ልኮ «ሁሉንም ነግሬሃለሁ» የሚል ሰው ያናድደኛል፤ ግን ሰምታችሁ፣ ጽፋችሁ መልሳችሁ ላኩለትና ያጽድቅ። እርማቱን እኔ በቡና ነው የማስረዳው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከበረካ በኋላ የሚፈልግ ሰው ካለ አዲስ ቡና ይቆላል፣ አዲስ ቡና ደግሞ አዲስ ሒሳብ አለው። ይህን ስላቸው ሁሉም ይገባቸዋል።

ቀሪው ክፍያ እስኪገባ የሚላከው ስማችሁ በላዩ የተጻፈበት፣ ጥራቱ የተቀነሰ ምስል ብቻ ነው። «ማተሚያ ቤቱ ጋ ላክልኝ፣ እዚያ እከፍላለሁ» ቢላችሁም እንዳትልኩ። ማተሚያ ቤት የገባ ፋይል ደንበኛው እጅ እንደገባ ቁጠሩት። ዘመድ ከሆነ ወይ ስጦታ ነው በሉትና በነፃ ሥሩ፣ ወይ እንደ ማንም ቀብድ ተቀበሉ።

ገንዘቡ አስቀድሞ ከቀረስ? ስልክ አትደጋግሙ። ጠዋት፣ ሱቁ ሰው ሳይበዛበት፣ ትእዛዙን የላከበትን መልእክት ይዛችሁ በአካል ሂዱ። በሰው ፊት አታዋርዱት፤ የተዋረደ ሰው ቢኖረውም አይከፍልም። እምቢ ካለ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሽማግሌ አስገቡ። ከሁለት ጊዜ በላይ የተሳካልኝ በዚህ መንገድ ነው።

ምልክት፦ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣችሁ ምንም አልተሠራም

ቤት የሚውል ሰው ለቤተሰቡ ሥራ ፈት ነው። ወፍጮ ቤት ይላካል፣ እንግዳ ያስተናግዳል፣ ጀበና ሲቀርብ ይጠራል። ሰዓት ለዩና ለቤቱ ሁሉ ንገሩ። እኔ ከ3 እስከ 6 ሰዓት በሬን ዘግቼ ስልኬን ሌላ ክፍል እተዋለሁ። ጎረቤት ሲመጣ እናቴ «ቢሮ ገብቷል» ትላለች፤ ቢሮው ጓዳው አጠገብ ነው፣ ግን ይሠራል። ለቅሶ ግን አይቀርም፤ መቅረትም የለበትም። ስለዚህ የርክክብ ቀን ስትሰጡ ሁልጊዜ ሁለት ቀን ጨምሩ።

ምልክት፦ ፋይሉ ጠፋ ወይም አልከፍት አለ

ክረምት ላይ መብራት ሲመላለስ በየአሥር ደቂቃው ሴቭ አድርጉ። ከመንገድ ዳር በርካሽ የተገዛ «ሁለት ቴራ» ፍላሽ ላይ ሥራ አታስቀምጡ። ኮምፒውተሩን የሚያታልል ቁጥር ተጭኖበት ነው እንጂ ውስጡ ጥቂት ጊጋ ነው፤ ሲሞላ ሳይነግራችሁ ፋይል ያበላሻል። የአንዲት ሙሽራ ካርድ በዚህ ጠፍቶብኝ ሌሊቱን እንደ አዲስ ሠርቻለሁ። ሻጮቹ ያውቁታል፣ ግን መሸጡን አልተዉም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ ፊደሉ ማተሚያ ቤት ሲከፈት ምልክት ብቻ ከሆነ በድሮ፣ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ነው፤ ከመላካችሁ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ለውጡ። ምስሉ ከደበዘዘ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኮ ነው፤ እንደ ፋይል ላኩ። ሥራ ሞልቶ ብር ከሌለ የቤቱና የሥራው ገንዘብ በአንድ ሒሳብ ስለገባ ነው፤ ሁለተኛ ሒሳብ ክፈቱና በወር አንዴ ብቻ ለራሳችሁ ደመወዝ አውጡ። ቀብድ ደግሞ ሥራው እስኪረከብ ድረስ ከዚያ ሒሳብ አይነካም።