ያልወሰድኩትን የዓመት እረፍት ክፍያ እንዴት አስከፈልኩ

አዲስ አበባ ውስጥ ከምሠራበት የግል ድርጅት በፈቃዴ ለቀቅኩ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። የመጨረሻው ደሞዝ ሲገባ ግን ያልወሰድኩት የዓመት እረፍት ክፍያ የለበትም። የሰው ኃይል ክፍሉ «በራስዎ ስለለቀቁ እረፍቱ ተቃጥሏል» አለኝ። የሥራ ልምድ ደብዳቤውም «ክሊራንስ (ከድርጅቱ ጋር ያለውን ንብረትና ሂሳብ ማጣራት) ሲያልቅ» ተባለ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ አይልም። የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ያልተወሰደው እረፍት በገንዘብ ይከፈላል፤ የለቀቀው ሠራተኛው ራሱ ቢሆንም። ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። አሠሪው ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደሞዝ የሚደርስ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል። ብዙ አሠሪ ይህችን ሲሰማ ነው የሚነቃው።

ስለዚህ መመላለሱን ትቼ ለድርጅቱ የአንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ። የተቀጠርኩበትን ቀን፣ በዓመት የሚገባኝን እረፍት (ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል)፣ የወሰድኩትንና የቀረውን አሰፈርኩ። የፈቃድ ቅጾቼን ኮፒ አያያዝኩ። የአዋጁን ቁጥርና ከላይ ያልኩትን የክፍያ ጊዜና የማዘግየት ቅጣት የያዙትን አንቀጾች 36 እና 38ን ጠቀስኩ። ሁለት ኮፒ ይዤ ሄድኩና አንዱ ላይ የድርጅቱን መዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን አስመታሁ። እኔ እንደማምነው ጉዳዩን የፈታው ይህ ማኅተም ነው። የቃል ጥያቄ ይካዳል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ግን ችሎት ይቀርባል።

ገንዘቡ ገባ፣ የሥራ ልምዱም ተጻፈልኝ። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ አትዘግዩ፤ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (የመጠየቂያው ጊዜ በማለፉ) ይታገዳል።