ጥቅሉ ለምን ተመለሰ? ከጎንደር የመላኪያ ባንኮኒ ጀርባ

ፒያሳ አካባቢ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ጥቅል መመዘን ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። አድራሻና ስልክ አስተካክሎ መጻፉን፣ መታወቂያ መያዙን ታውቁታላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ። እዚህ የማነሣው ሁሉ ተሟልቶለት የሚመለሰውን ጥቅል ነው።

ምልክቱ፦ "ይዘቱ አይፈቀድም" ተብሎ ተመለሰ

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የተላከው ዕቃ ሳይሆን በኋላ ጣል የተደረገበት ነው። በርበሬው ይሄዳል፣ ሽሮው ይሄዳል፣ ጋቢው ይሄዳል። ከዚያ ጎረቤት ብቅ ትላለች፦ "እግረ መንገድሽን ይችንም ለልጄ ጣይልኝ።" ላኪዋ እምቢ አትልም፤ ነገ እሷም ታስቸግራለቻ። ፈታም አታየው፤ የሰው አደራ ይፈታል እንዴ? ባንኮኒው ላይ የሚቀመጠው ፊርማ ግን የእሷ ነው።

አንዲት እናት ጀርመን ላለች ልጃቸው ስድስት ኪሎ በርበሬና ሽሮ ይዘው መጡ። ካርቶኑ ታሽጎ፣ በላዩ ማዳበሪያ ተሰፍቶበታል። "እማማ፣ ሌላ ነገር አለው?" "የለውም ልጄ፣ በማርያም!" አመንኋቸው፤ ያ የኔ ጥፋት ነው። ሳምንታት ቆይቶ ሲመለስ የካርቶኑ ቂጥ ርሷል። ስንፈታው በርበሬው መሃል የተቀበረ ቆርቆሮ ወጣ፤ ውስጡ ንጥር ቅቤ። መንገድ ላይ ቀልጦ፣ በክዳኑ ሾልኮ፣ በርበሬውን ለውሶታል። "የእኅቴ አደራ ናት፤ ቅቤ ደግሞ ምን ያደርጋል ብዬ" አሉኝ።

የሚያደርገውማ ይኸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከሌላ አገር በጥቅል አያስገቡም፤ ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ ሁሉም እዚያው ናቸው። ቋንጣማ አሜሪካም አይገባም። ማር ለግል እስከ 2 ኪሎ አውሮፓ ይቀበላል፣ ግን ክዳኑ የማያፈስ ይሁን፤ የሚፈስ ማር የሌሎቹንም ሰዎች ጥቅል ያበላሻል።

ሁለተኛው ጣል የሚደረግ ነገር ፓወር ባንክ ነው። "በጋቢ ጠቅልየዋለሁ፣ አይታይም" የሚለኝ አላጣሁም። ጋሼ፣ በራጅ ማሽኑ ላይ ጨርቅና እህል ብርቱካናማ፣ ብረት ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚታየው። ብርቱካናማ ጋቢ መሃል የተኛ ሰማያዊ ጡብ ከሩቅ ይጣራል። ሊቲየም ባትሪ ከተጎዳ ወይም ከጋለ ይነድዳል፣ እሳቱም በቀላሉ አይጠፋም። ከኤፕሪል 2016 (በፈረንጆች) ጀምሮ ብቻውን የሚላክ ሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን ጭነት ሆኖ እንዳይሄድ ተከልክሏል፤ ፓወር ባንክም የሚቆጠረው እንደ ባትሪ ነው። ባትሪው ውስጡ የተገጠመለት ስልክ ሌላ ነገር ነው፤ አጥፍታችሁ፣ በካርቶኑ አድርጋችሁ፣ ሳትደብቁ አሳዩን፤ መንገድ ይኖረው ይሆናል።

ፓወር ባንክ መላክ ያለበት ሰው በተጓዥ እጅ ሻንጣ ይስደደው። ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ ገደቡ 100 ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ) ነው፤ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ይሆናል፣ ያልፋል። ያ እንደ ብስኩት የሚቀለው፣ ግን "50,000" የተጻፈበት ርካሽ ዕቃ 185 ይመጣል። ጽሑፉ ውሸት መሆኑን እኔም ፈታሹም እናውቃለን፤ ፈታሹ የሚይዛችሁ ግን በጽሑፉ ነው።

መፍትሔው አንድ ነው፦ አሽጋችሁ አታምጡ። ክፍቱን አምጡና እዚሁ እናሽገው። አደራ ከተቀበላችሁ ባለቤቱ ፊት ፍቱት። የሚቀየም ካለ በኔ ያሳብብ።

ምልክቱ፦ ጉምሩክ ላይ ቆመ፣ ተፈታ

ቅጹ ላይ "ስጦታ" ወይም "ዱቄት" ብላችሁ ጽፋችኋል። ቢጫ ዱቄት በፌስታል፣ ስሙ "ዱቄት"፤ እናንተስ ብትሆኑ አትፈቱትም? "የተቆላ የሽምብራ ዱቄት፣ 2 ኪሎ፣ ለምግብ" ብላችሁ ከነዋጋው፣ በእንግሊዝኛም ጻፉ። ቅጹ ላይ የሌለ ነገር ካርቶኑ ውስጥ አይኑር።

ምልክቱ፦ ስድስት ኪሎው አሥራ ዘጠኝ ሆነ

አልሰረቅናችሁም። ድርቆሽ ቀላል ነው፣ ቦታ ግን ይይዛል፤ የያዘው ቦታም እንደ ኪሎ ይታሰባል። ርዝመት፣ ወርድና ከፍታው በሴንቲሜትር ተባዝቶ ለ5000 ይካፈላል፤ 60 በ40 በ40 የሆነ ካርቶን 19.2 ኪሎ ይከፈልበታል። ድርቆሹን ሰባብራችሁ፣ በትንሽ ካርቶን ጠቅጥቃችሁ ኑ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ሽቶ፦ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ነው። በሃይላንድ የተሞላ አረቄ፦ በአየር ጭነት ደንብ የአልኮሉ መጠን ይታያል፤ የቤት አረቄ ላይ ደግሞ መጠኑን ማን ጽፎበት? ጫት፦ እንግሊዝ ከ2014 (በፈረንጆች) ጀምሮ ከልክላለች፤ አሜሪካም ወንጀል ነው። ጥሬ ብር፦ ባንክ ምን ሠራ?

የድሮ መስቀልና የብራና መጽሐፍ፦ "የአያቴ ነው" አያሳልፍም። በቅርስ አዋጁ፣ በቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ይኸ ተመልሶ የሚመጣ ጥቅል አይደለም፤ ዕቃውም እናንተም ትያዛላችሁ። ቅዳሜ ገበያ የተገዛ አዲስ መስቀል ቢሆንም ደረሰኙን አምጡ።

አንድ የቀረኝ፦ የቢራና የኬሚካል ካርቶን። ውስጡ የሕፃን ሹራብ ቢሆን እንኳ፣ ላዩ ላይ የእሳት ምልክት ካለ ፈታሹ የሚያምነው ምልክቱን ነው። ማርከር አስይዣችሁ አላስጠፋም፤ ንጹሕ ካርቶን ከሱቁ ይዛችሁ ኑ።