ፍሬን አይበጠስም፣ ይፈላል፦ በውድ መኪኖች ፍሬን ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ፒያሳ ላይ የሚቆሙት መኪኖች ይለወጣሉ። ከባጃጁና ከሚኒባሱ መሀል ጂ ዋገን፣ ሬንጅ ሮቨር፣ አልፎ አልፎም የፖርሽ ካየን ብቅ ይላል። የሰርግ ሰሞንም እንዲሁ ነው። አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተነድተው፣ ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃን ወርደው፣ ወደ ደጀን ወጥተው የመጡ ናቸው። ከሰነበቱ ደግሞ ባለቤቱ እንግዶቹን ስሜን ተራሮችን ላሳይ ብሎ ወደ ደባርቅ ይወጣል፤ ልቡ ከፈቀደ ሊማሊሞንም ይወርዳል። እኔ ጋራዥ ውስጥ የማገኛቸው ከዚያ በኋላ ነው። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ሸራው ገና ነው ተብዬ ነው የገዛሁት፤ እንዴት በአንድ መንገድ አለቀ?»

የሸራን ዕድሜ በኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር

በተለመደ አነዳድ የፍሬን ሸራ ከ30,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ጉልበታም መኪና ላይ ግን ሸራው ለመያዝ እንጂ ለመቆየት ታስቦ ስለማይሠራ 20,000 ላይ ማለቁ ብርቅ አይደለም። ይህ ሁሉ ግን የሜዳ ሂሳብ ነው።

የእኛን አገር ሂሳብ አብረን እንሥራው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ፍሬን ይዞ ሲቆም፣ የሩጫው ጉልበት በሙሉ ሙቀት ሆኖ ሸራው በሚጨብጠው ክብ ብረት፣ በዲስኩ ላይ ያርፋል። ከ1,000 ሜትር ከፍታ ቁልቁል የሚወርድ መኪና ደግሞ የሚለቀው ጉልበት ከ100 ላይ 25 ጊዜ ያህል ከመቆም ጋር እኩል ነው። መኪናው ቪትዝም ይሁን 2.5 ቶን የሚመዝነው ጂ ዋገን (ጂ 63)፣ ቁጥሩ ያው 25 ነው። የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሊማሊሞም እንዲሁ። እርግጥ ነፋሱና ሞተሩ የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ፤ ምን ያህል እንደሚወስዱ የሚወስነው ግን ሾፌሩ ነው።

ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ይተዉትና ውፍረቱን ይዩ። አዲስ ሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀር ይለወጣል። የነዚህ መኪኖች ቸርኬ ሰፊ ክፍተት ስላለው የውጪውን ሸራ ጎማ ሳይፈታ በባትሪ አብርቶ ማየት ይቻላል። የውስጡ ቀድሞ የሚያልቅበት ጊዜ ስላለ ግን፣ ረጅም መንገድ ከመነሣትዎ በፊት ጎማው ይፈታ።

«አውቶማቲክ ነው፣ እሱ ያውቃል» ማለት

አያውቅም። ማርሹን ዲ ላይ ትቶ ሊማሊሞን መውረድ ሸራ የመብላት አቋራጩ መንገድ ነው። ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና የሚነዳውን የመተማ ሾፌር ይጠይቁት፤ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ ይልዎታል። ሚሊዮኖች የወጣበት መኪና ላይ የተቀመጠው ሰው ግን መሪው ጀርባ ያሉትን ሁለት መቀነሻዎች ጌጥ ያደርጋቸዋል። በግራው ተጭነው ወደ ከባድ ማርሽ ይቀንሱ፤ ሞተሩ ይጩህ፣ ግዴለም። እግርዎን ፍሬኑ ላይ ደገፍ አድርገው አይውረዱ። ጠንከር አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ፈጽመው ይልቀቁት። ዲስኩ የሚተነፍሰው በዚያች ልቅ ጊዜ ነው።

የፍሬን ዘይትን መርሳት

አገራችን ውስጥ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም የተበጠሰ ነገር የለም፤ ዘይቱ ፈልቶ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት ከነእሽጉ ሲመጣ መፍያው ቢያንስ 230 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠብቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናው ግን መንገዱን ይቀጥላል። በዚህ ላይ ከፍታው አለ። ደባርቅ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እናቶች ባቄላ አልበስል አለ የሚሉት ለዚሁ ነው። የፍሬን ዘይትም ከፍታ ላይ ፈጠን ብሎ ይፈላል።

መፍትሔው በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ መለወጥ ነው፣ መኪናው ባይነዳም እንኳ። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ርካሹ ይህ ነው፣ ተረስቶ የሚቀረውም ይኸው። ተከፍቶ የከረመ ጣሳ ግን አይጨምሩ። ዶት 5 የሚባለው ሲልከን ስለሆነ ከዶት 4 ጋር አይደባለቅም፤ 5.1 ግን ይስማማል። ቁጥሩ ስለሚመሳሰል ሻጩም ይሳሳታል።

ታች ደርሶ ውሃ ማፍሰስ

ቁልቁለቱን ጨርሶ ወንዝ ሲያገኝ ጀሪካን የሚያነሳ ሰው አለ። የጋለ የብረት ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ፍሬን በያዙ ቁጥር መሪው እጅዎ ላይ ይንቀጠቀጣል። ፍሬን ሳይነኩ አምስት ደቂቃ ያህል ዝግ ብለው ይንዱ፣ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል። ሲቆሙም እግርዎን ፔዳሉ ላይ አጥብቀው አይቆዩ።

የተበሳውን ዲስክ ቶርኖ ቤት መውሰድ

ለፒካፕ ይሠራል፤ ዲስኩ ወፍራም ስለሆነ ፊቱን አስፍቆ መመለስ ይቻላል። ከፋብሪካው የተበሳና መሀሉ አሉሚኒየም የሆነ ዲስክ ግን ለማስፋቅ አይመችም። ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ላይ ስንጥቅ ይጀምራል። እያንዳንዱ ዲስክ ላይ የሚፈቀደው ትንሹ ውፍረት በሚሊ ሜትር ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ ሸራው ሁለት ጊዜ ሲለወጥ ዲስኩም እዚያ ቁጥር አጠገብ ይደርሳል። አንድ ደንበኛዬ ቶርኖ ቤት ሄዶ ከዲስክ ዋጋ ተረፈልኝ ብሎ ነበር። በሁለተኛው ወር ሁለቱንም ዲስክ፣ አራቱንም የፊት ሸራ አዲስ ገዛ፣ የቶርኖው ሒሳብ ተጨማሪ ሆኖ።

«ሴራሚክ ዕድሜ ልክ ነው» ብሎ ማመን

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ትልቁ ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ነውና።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ሴራሚክ ሸራ የሚባለው ለተራ መኪናም የሚሸጥ ነው። የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ፖርሽ ለ911 ከፋብሪካ ሲያስገባው ብቻ ከ8,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል፣ አራቱን ዲስክ በኋላ ልለውጥ ያለ ሰው ደግሞ ከ15,000 ዶላር በላይ ሊጠየቅ ይችላል። ጭነቱና ቀረጡ ገና አልተነካም። ክብደቱ ከብረቱ ግማሽ ያህል ነው፣ ሙቀት አይበግረውም፣ በሰከነ አነዳድ በጣም ይቆያል። ፌራሪ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመንገድ መኪኖቹ በሙሉ የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ አድርጓል። የላምቦርጊኒ ኡሩስ የፊት ዲስክም ሴራሚክ ሲሆን ስፋቱ 440 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካሊፐሩ ሸራውን የሚጨብጠው በ10 ፒስተን ነው።

ይሁን እንጂ ሴራሚክ ጠርዙ ሲነካ ይሸረፋል። ጎሚስታው ጎማ ሲመልስ ቸርኬው ዲስኩን ገጭ ካደረገው የአንድ ዲስክ ዋጋ ሄደ። መምሪያ ብረት አስገብቶ በዚያ ላይ አንሸራትቶ ማስገባት አለበት፤ ይህን የሚያደርግ ጎሚስታ ካገኙ ጉርሻ ይስጡት። የዲስኩ ማለቅም በውፍረት ብቻ አይታወቅም። ሙቀት ካርቦኑን እያቃጠለ ስለሚያቀለው በሚዛን ይለካል፣ ትንሹ ክብደት መሀሉ ላይ ተጽፏል። ዲስክ ፈቶ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ መካኒክ እስካሁን ስንት አይተዋል?

ሲገዙም ቀለም አያታልልዎ። በፖርሽ ላይ ቢጫ ካሊፐር የሴራሚክ ምልክት ነው፣ ቀዩ የብረት፣ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ከካየን ጋር የመጣው ነጩ ደግሞ በተንግስተን ካርባይድ የተለበጠ ብረት ነው። ግን ቀለም ቀለም ነው፤ ቢጫ የተቀባ ተራ ካሊፐር አይቻለሁ። ዲስኩን ራሱን ይዩት።

የእኔ ምክር፣ ኑሮዎ ጎንደር ከሆነ ብረቱን ይምረጡ። ብረቱ ቢበላሽ አዲስ አበባ ይደወላል፣ በአውሮፕላን ይመጣል።

መብራቱ ሲበራ ሽቦውን ማገናኘት

ሸራው ውስጥ ያለችው የሽቦ ቀለበት ተፍቃ ስትበጠስ ክሩስኮቶው ላይ መብራት ይበራል። ሽቦውን አገናኝቶ መብራቱን ማጥፋት ይቻላል፤ ሸራው ግን ማለቁን አያቆምም፣ ቀጥሎ የሸራው ብረት ዲስኩን ይፍቃል። ሌላም ልጨምር። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና በኮምፒውተር ሳይከፈት የኋላ ፒስተኑ በጉልበት ከተገፋ የእጅ ፍሬኑ ትንሽ ሞተር ልትሰበር ትችላለች። ከ2002 እስከ 2006 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የመርሴዲስ ኢ ክላስ ካለዎት ደግሞ ፍሬኑ የመኪናው በር ሲከፈት ብቻውን ግፊት ሊፈጥር ይችላል፤ ሥርዓቱ ሳይዘጋ የመካኒክ ጣት እዚያ አይገባም።

«ኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን አይጨርስም» ማለት

ከ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ ወደ አገር የሚገቡት አዳዲስ የቤት መኪኖች ኤሌክትሪክ ናቸውና ነገሩ የሁላችንም ሆኗል። እውነት ነው፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ ፖርሽ ስለ ኤሌክትሪክ መኪናው ስለ ታይካን ሲናገር ከዕለት ተዕለት ፍሬን 90 በመቶው ያህል በዚህ ይሸፈናል ይላል። ሸራው ይቆያል። ዲስኩ ግን ሳይነካ ክረምቱን ከርሞ ይዝጋል፤ ሳምንት ሳያልፍ ባዶ መንገድ ሲያገኙ ሁለት ሦስቴ ጠንከር አድርገው ይያዙት። ዘይቱም እንደሌላው ያረጃል።

ዋናው አደጋ ግን ደባርቅ ላይ ነው። እንግዳው ሌሊቱን 100 በመቶ ሞልቶ ጠዋት ሊማሊሞን ይጀምራል። የሞላ ባትሪ ደግሞ የሚቀበለው ነገር ስለሌለ ሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፣ ሁለት ቶን ተኩል በአንድ ጊዜ ሸራው ላይ ይወድቃል። 80 ሲደርስ ነቅለው ይውረዱ፤ ታች ሲደርሱ ቁጥሩ እዚያው ላይ ሆኖ፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምሮ ሊያገኙት ይችላሉ።