ስሜን ተራራ ላይ በሶላር ቻርጅ ለማድረግ

ከደባርቅ ተነስታችሁ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ አድርጋችሁ ራስ ዳሽን ልትወጡ ካሰባችሁ ታጣፊ ሶላር ያዙ። ፀሐይ እንደሆነ እዚያ ሞልታለች። የሚያስቸግረው ብርዱ ነው።

ከሁሉም በፊት ይህን ያዙልኝ፦ ብርድ ለሶላሩ ጥሩ ነው፣ ለባትሪው ግን ጠላት ነው። ፓኔሉ ሲቀዘቅዝ እንዲያውም የተሻለ ይሠራል። የሊቲየም ባትሪ ግን ከ0 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቻርጅ ከተደረገ ሊቲየሙ ውስጡ ይጋገርበታል፤ ይህ ጉዳት ደግሞ በኋላ ቢሞቅም አይስተካከልም። በብርድ መጠቀም ግን ሌላ ነው፤ ቶሎ የሞተ ስልክ ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ይነሳል።

ስለዚህ ማታ ስልኩም ፓወር ባንኩም ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አብረዋችሁ ይደሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ድንኳኑ ላይ አመዳይ ታያላችሁ፤ በዚያ ሰዓት ከውጭ ያደረ ፓወር ባንክ ላይ ገመድ አትሰኩ። መጀመሪያ ጃኬት ውስጥ ይሙቅ።

ስልኩን በቀጥታ ከሶላሩ ጋር አታገናኙት። ደመና ባለፈ ቁጥር ይቋረጣል፣ አንዳንዱ ስልክም ነቅላችሁ ካልሰካችሁት በደንብ መሙላት አይጀምርም። ቀን ፓወር ባንኩን ሙሉ፣ ማታ ከእሱ ስልካችሁን። 20 ዋት የተጻፈበት ፓኔል 20 አይሰጥም፤ 12 ከሰጠ ጎበዝ ነው፣ በዚያ ሂሳብ 10 ሺህ ሚሊአምፕ-ሰዓት (mAh) ፓወር ባንክ ጥሩ ፀሐይ ካለ አራት ሰዓት ያህል ፈጅቶ ይሞላል። ከሰዓት በኋላ ጉም ሊመጣ ስለሚችል ጠዋቱን አታባክኑት።

ፓኔሉን መሬት ላይ አንጥፋችሁ አትተዉት። ድንጋይ አስደግፉና ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሩት፤ በእነዚህ ወራት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይም ወደ ደቡብ ያጋደለች ናት። ጥላ ነገር ያበላሻል፤ አንዷን ጥግ ጅብራ የሚባለው ተክል ቅጠል ከጋረዳት የሌላውም ኃይል ይወርዳል። ፓወር ባንኩን ካልሲ ውስጥ ከታችሁ ከፓኔሉ ጀርባ ጥላው ላይ አስቀምጡት፣ ብርዱም ሐሩሩም እንዳያገኘው። ቦርሳ ላይ አንጠልጥሎ እየሄዱ መሙላትን ብዙ አትመኑበት፤ መንገዱ በዞረ ቁጥር ፀሐይዋ ታመልጣችኋለች። የምሳ እረፍት ይሻላል።

ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት፣ ኔትዎርክ ሲፈልግ ነው ባትሪውን የሚጨርሰው። ፓወር ባንኩንም ከበቅሎ ጭነት ጋር አትላኩት፣ ደረታችሁ ላይ ይሁን። እስከ ጎንደር በአውሮፕላን ከሆነ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ያዙት፣ ጭነት ውስጥ አይፈቀድም።