ብሉዝ ጊታር እንዴት ይጀመራል? ከታላላቆቹ እየሰረቁ

ብሉዝ ጊታር ልማር ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ዩቲዩብ ከፍቶ በጣም ፈጣኑን ተጫዋች መፈለግ ነው። እኔም እንደዚያ ነው የጀመርኩት። ሁለት ወር ሙሉ ጣቶቼን አሯሩጬ ከጊታሬ የወጣው ነገር የጣት ስፖርት እንጂ ብሉዝ አልነበረም። ኋላ የታላላቆቹን ሕይወት ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። ብዙዎቹ አንድ ያቃታቸው ነገር ነበረ፤ ስታይላቸውም የመጣው እሱን ሲሸሹ ነው። ስለዚህ ዘዴው ቀላል ነው። ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነገር እንሰርቃለን።

የሚያስፈልጋችሁ በደንብ የተቃኘ ባለ ስድስት ክር ጊታርና ስልክ ነው። ኤሌክትሪክ ከሆነ ጥሩ፣ ክሩ ቀጠን ስለሚል ለጣት ያዝናል። አኩስቲክም ይሠራል፣ ትንሽ ያቃጥላል እንጂ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

1. ጊታሩን አስቀምጡና አንድ ሰው ስሙ

ቢ.ቢ. ኪንግን ስሙ። ራይሊ ኪንግ በ1925 ሚሲሲፒ ውስጥ ተወለደ፤ እናቱ በልጅነቱ ሞተችበት፣ ጥጥ እየለቀመና ትራክተር እየነዳ አደገ። ሜምፊስ ገብቶ ሬዲዮ ጣቢያ ሲሠራ «ብሉዝ ቦይ» የሚል ስም ወጣለት፣ ቢ.ቢ. የመጣው ከዚያ ነው። በ1949 ደግሞ አርካንሳስ ትዊስት በምትባል መንደር አንድ ጭፈራ ቤት ሲጫወት፣ ቤቱን ለማሞቅ ኬሮሲን የሚነድበትን በርሜል ሁለት የተጣሉ ሰዎች ገፍተው ይደፉታል። ቤቱ ነደደ። ኪንግ ከሁሉም ጋር ሮጦ ወጣ፣ ከዚያ ጊታሩ ትዝ አለውና እሳቱ ውስጥ ተመልሶ ገባ። በነጋታው ሰዎቹ የተጣሉት ሉሲል በምትባል ሴት እንደሆነ ሲሰማ ጊታሩን ሉሲል አላት፤ ከዚያ በኋላ የያዛቸውን ጊታሮች ሁሉ በዚሁ ስም ጠራ። እንዲህ ያለ ሞኝነት ዳግም እንዳይሠራ ማስታወሻ ነው ይል ነበር።

በ1964 ቺካጎ ሪጋል ቴአትር የቀዳውን የመድረክ አልበም ፈልጉ። አንድ ዘፈን ሦስት ጊዜ ስሙ። በሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ብቻ ተከታተሉ፤ ጊታሩ ዝም የሚለው መቼ ነው? ብዙ ጊዜ ዝም እንደሚል ስታዩ ትገረማላችሁ።

2. አሥራ ሁለቱን ባር እግራችሁ ውስጥ አስገቡ

ብዙው ብሉዝ 12 ባር ነው፣ እያንዳንዱ ባር አራት ምት። በኤ ስንጫወት (ኤ፣ ዲ፣ ኢ የኮርዶች፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ኖታዎች ስም ናቸው)፣ ኤ ለ4 ባር፣ ዲ ለ2፣ ተመልሶ ኤ ለ2፣ ከዚያ ኢ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ አንድ አንድ ባር። ግጥሙም በዚሁ ላይ ነው የሚቀመጠው። የመጀመሪያው ስንኝ ይዘፈናል፣ ይደገማል፣ ሦስተኛው መጥቶ ቤት ይመታል።

ሙሉ ኮርድ መያዝ አያስፈልግም። ክር የሚቆጠረው ከቀጭኑ ነው፣ 1ኛው ቀጭኑ፣ 6ኛው ወፍራሙ፤ ፍሬት ደግሞ አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር ነው። ለኤ፣ 5ኛውን ክር ባዶውን ከ4ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ጋር ሁለት ጊዜ ምቱ። ከዚያ የ4ኛውን ክር ጣት ወደ 4ኛ ፍሬት ውሰዱና ሁለት ጊዜ ምቱ። መልሱት። ለዲ ሁሉንም አንድ ክር ወደ ታች ማውረድ ነው፣ 4ኛው ባዶ፣ ጣት 3ኛው ላይ። ለኢ ደግሞ ወደ ላይ፣ 6ኛው ባዶ፣ ጣት 5ኛው ላይ። ምቱ እኩል አይደለም፤ አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር ይላል፣ ልክ ትንሽ እንደሚያነክስ ሰው አረማመድ።

ይህ በወፍራሞቹ ክሮች የሚሄድ ባስ ከፒያኖ ተጫዋቾች ግራ እጅ የመጣ ነው። ጊታር ላይ ካስለመዱት አንዱ ሮበርት ጆንሰን ነው፣ ያ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጠ የሚባለው። እውነተኛው ታሪክ ለእኛ የበለጠ ይጠቅማል። ሰን ሀውስ የተባለው አንጋፋ እንደተናገረው፣ ጆንሰን በወጣትነቱ ጊታር ሲያነሳ ሰው ጆሮውን ነበር የሚይዘው። ከዚያ ከአካባቢው ጠፋ፤ ሲመለስ ሁሉም አፉን ከፈተ። በመሀል አይክ ዚመርማን ከሚባል ጊታሪስት ሥር ሲማር ነበር፣ ማታ ማታም መቃብር ቦታ ቁጭ ብለው ይለማመዱ ነበር ይባላል። ቢያንስ እዚያ ተነስቶ የሚቆጣ ጎረቤት የለም። በ1936 እና በ1937 ቴክሳስ ውስጥ 29 ዘፈን ቀዳ፣ በ1938 በ27 ዓመቱ ሞተ። በዘፈኖቹ ባሱንም ዜማውንም የሚጫወተው እሱ ብቻውን ነው። እናንተ ለጊዜው ባሱ ይበቃችኋል፤ ሳታቋርጡ አምስት ዙር ስትዞሩ እለፉ።

3. አምስቱን ኖታ ያዙ

5ኛው ፍሬት ላይ ሂዱ። በ6ኛው፣ በ2ኛውና በ1ኛው ክር ላይ 5 እና 8፤ በመሀል ባሉት ሦስት ክሮች ላይ 5 እና 7። አለቀ። ኖታዎቹ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ናቸው።

አሁን ልብ በሉ። እነዚህ አምስቱ ከሲ የሚነሳው የትዝታ ሜጀር ኖታዎች ናቸው! ሲ ላይ ካረፋችሁ ትዝታ ትዝታ ይላል፣ ኤ ላይ ካረፋችሁ ወደ ብሉዝ ይሄዳል። ክራር የነካካ ሰው እዚህ ጋ ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ነው። ችግሩ ግን ጣቱ በልማድ ወደ ሲ እየሸሸ ያስቸግረዋል። እኔ እስካሁን አልፎ አልፎ ብሉዝ ጀምሬ ትዝታ ላይ ነው የማርፈው፣ እና እውነቱን ለመናገር ቅር አይለኝም።

ቁም ነገሩ ያለው 3ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ነው። እዚያ ያለው ሲ ነው፣ ከሥር ያለው የኤ ኮርድ ግን የያዘው ሲ ሻርፕን (ከሲ አንድ ፍሬት ከፍ ያለውን) ነው፤ ሁለቱ ይጋጫሉ። ክሩን በጣም በትንሹ ሳቡት፣ ሲ ሻርፕ ሳይደርስ ተዉት። ፒያኖ ላይ ፈልጋችሁ የማታገኙት ድምፅ ነው። ብሉዝ የሚሸተው እዚህ ጋ ነው።

4. ክር መሳብ

3ኛው ክር 9ኛ ፍሬት ምቱና ድምፁን በጆሯችሁ ያዙ። አሁን 7ኛው ፍሬት ላይ በቀለበት ጣት ይዛችሁ፣ ሌሎቹን ሁለት ጣቶች ከኋላ ደግፋችሁ፣ ያንኑ ድምፅ እስኪሰጥ ግፉት። ጀማሪ ሁሉ ሳይደርስ ነው የሚያቆመው፤ የሰነፍ ድምፅ ይሰጣል። አንድ ሳምንት ይህን ብቻ ብትሠሩ አይከፋም።

የዚህ ጌታ አልበርት ኪንግ ነው። (ከቢ.ቢ. ጋር ዘመድ አይደሉም።) ቡልዶዘር ነጂ የነበረ ግዙፍ ሰው። ግራኝ ስለነበር የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ ያዘ፣ ክሮቹን ግን እንደ ግራኝ አላዛወራቸውም፤ ቀጭኑ ክር ከላይ ሆነ። ሌላው ሰው ወደ ላይ የሚገፋውን እሱ ወደ መሬት ይጎትተዋል። ፒክም (ክር የሚመታበት ትንሽ ፕላስቲክ) አልነበረውም፣ በአውራ ጣቱ ነው። የሚያውቃቸው ሐረጎች ብዙ አልነበሩም፤ ግን አንዱን ክር ሲጎትት ሰው ሲያለቅስ ትሰማላችሁ። ቀኝ እጅ ብትሆኑም አንዴ ፒኩን ጣሉና በአውራ ጣት ሞክሩት፣ ድምፁ ወዲያው ይወፍራል።

5. ኖታው ላይ እጅ ማንቀጥቀጥ

ወደ ቢ.ቢ. እንመለስ። ዘመዱ ቡካ ዋይት ጣቱ ላይ ብረት አድርጎ በስላይድ ይጫወት ነበር። ቢ.ቢ. ያንን ድምፅ በጣም ወደደው፣ ሞከረው፣ አልሆነለትም። ስለዚህ ያንን መርገብገብ በባዶ ጣቱ ለማምጣት ታገለ፤ ዓለም የሚያውቀው ቫይብራቶው የመጣው ከዚህ ነው።

2ኛው ክር 10ኛ ፍሬት ላይ (ይሄም ኤ ነው) ጠቋሚ ጣት አስቀምጡ። መዳፋችሁን ከጊታሩ አንገት አላቁት፣ አውራ ጣትም ይልቀቅ። ከዚያ እጃችሁን ከአንጓው ላይ አወዛውዙት፣ የበር እጀታ ቶሎ ቶሎ እንደምታዞሩ። ክሩን ከመቱ በኋላ ትንሽ ቆይቶ መጀመር ይሻላል፤ ወዲያው ከተጀመረ የበረደው ሰው ይመስላል።

6. ጠይቁ፣ ከዚያ መልሱ

ቢ.ቢ. ኪንግ እየዘፈነ መጫወት አይችልም ነበር፣ ራሱ ነው የሚናገረው። ይዘፍናል፣ ያቆማል፣ ሉሲል ትመልስለታለች። ይሄንን ስረቁ። 12ቱን ባር በስልክ ቅዱና አጫውቱት። ከእያንዳንዱ አራት ባር ሁለቱን ዝፈኑ ወይ አንጎራጉሩ፣ ድምፃችሁ ቢጎረብጥም። በቀሩት ሁለት ባሮች ብቻ ጊታሩ ይመልስ። ከአምስት ኖታ በላይ አትጠቀሙ። ትንፋሽ ሲያልቅባችሁ ሐረጉም ያልቃል፤ የሚያሯሩጡት ሰዎች ያጡት ይሄንን ነው።

ኮርድ መቀያየሩ ካደከማችሁ ጆን ሊ ሁከርን ስሙ። በ1948 ዲትሮይት ውስጥ የቀዳው የመጀመሪያ ሂቱ አንድ ኮርድ ላይ ቆሞ በእግር ምት ብቻ ነው የሚሄደው። ባር ለሚባል ነገር ደንታም አልነበረውም፣ አብረውት የሚጫወቱትን እስኪያሳብድ ድረስ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ክር መሳብ ስትጀምሩ ቀጫጭኖቹ ይበጠሳሉ። ትርፍ ይኑራችሁ። ቢ.ቢ. ኪንግ በ1985 ፋርም ኤይድ በተባለው የገበሬዎች መርጃ ኮንሰርት መድረክ ላይ ክር ተበጥሶበት፣ ከኪሱ አውጥቶ፣ ዘፈኑን ሳያቋርጥ ቀይሮታል። ቪዲዮው አለ፣ እዩት።