ስልካችሁ የሚጎተተው ራም አንሶት ነው ወይስ ስቶሬጅ ሞልቶበት? ለይቶ የማስተካከያ መንገድ

ስልክ መጎተት ሲጀምር አብዛኞቻችን «ሜሞሪው ሞልቷል» ብለን ፎቶ ማጥፋት እንጀምራለን። አንዳንዴ ይሠራል። አንዳንዴ ደግሞ የልጆቻችንን ፎቶ አጥፍተን ስልኩ እንደነበረው ይቀራል። ስልክ ውስጥ ያለው ሜሞሪ ሁለት ዓይነት ነው፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም።

ስቶሬጅ ጎተራው ነው፣ ራም ደግሞ መሶቡ። ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ አፑ፣ ሲስተሙ ራሱ ስቶሬጅ ላይ ይቀመጣል፤ ስልኩን ብታጠፉትም እዚያው ይቆያል። አሁን የከፈታችሁት አፕ ግን ከስቶሬጅ ወጥቶ ራም ላይ ይቀርባል። ስልኩ ሲጠፋ ራም ላይ ያለው ሁሉ ይሰረዛል።

1. መጀመሪያ ችግሩ የየትኛው እንደሆነ ለዩ

ቴሌግራም ላይ እየጻፋችሁ ካሜራ ከፍታችሁ ስትመለሱ ቴሌግራም እንደ አዲስ ከተነሳ፣ ብሮውዘር ስትከፍቱ የሚጫወተው ሙዚቃ ከተቋረጠ፣ ያነሰው ራም ነው። አንድሮይድ ቦታ ሲጠበው ከኋላ ያሉትን አፖች ራሱ ይዘጋቸዋል።

ፎቶ ስታነሱ ለማስቀመጥ ከዘገየ፣ አፕ አፕዴት አልሆን ካለ፣ ስልኩን አጥፍታችሁ ብታበሩትም ስታክ ማድረጉ ካልቀረ ደግሞ ስቶሬጁን ጠርጥሩ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስቶሬጅ የሚለውን ክፈቱ። እኔ ቢያንስ 15 በመቶው ባዶ ይሁን ባይ ነኝ። 64 ጊጋ ስልክ ላይ ይህ ወደ 10 ጊጋ ይሆናል።

ባዶ ቦታ ለፍጥነት ምን ያደርጋል? የስልክ ስቶሬጅ በተጻፈበት ቦታ ላይ ደርቦ መጻፍ አይችልም። መጀመሪያ ቦታውን ማጽዳት አለበት፤ የሚያጸዳውም ጥቂት በጥቂት ሳይሆን ሰፊ ክፍል በአንድ ጊዜ ነው። ባዶ ክፍል ሲያጣ፣ የሚፈለገውን ዳታ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል፣ ክፍሉን ያጸዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው አዲሱን የሚጽፈው። እናንተ ስክሪኑን ደጋግማችሁ ስትነኩ ስልኩ ከጀርባ በዚህ ሥራ ተጠምዷል።

2. ከቴሌግራም ጀምሩ

እኛ ዘንድ ስቶሬጅ ሲሞላ መጀመሪያ የማየው ቴሌግራምን ነው። አንድ ሰው የዜና፣ የመዝሙር፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የፊልም ቻናል ይከተላል። የከፈተው ፎቶና ያየው ቪዲዮ ሁሉ ስልኩ ላይ ይከማቻል። ጋለሪ ውስጥ ስለማይታይ ግን መኖሩንም አያውቅም።

ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»ን፣ ቀጥሎ «ስቶሬጅ ዩሴጅ»ን ንኩ። ክብ ሥዕል ይመጣል፤ ቪዲዮው፣ ፎቶው፣ ፋይሉ ስንት እንደያዘ በቀለም ለይቶ ያሳያችኋል። ከሥሩ «ክሊር ካሽ» (የተከማቸውን አጽዳ) የሚል አለ። ከመጫናችሁ በፊት ማቆየት የምትፈልጉትን ዓይነት ምልክቱን አንሱለት።

አትፍሩ፣ መልእክታችሁ አይጠፋም። የተለመደው ቻት የሚቀመጠው ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስለሆነ ፎቶውን መልሳችሁ ማውረድ ትችላላችሁ። ሁለት ነገር ግን አስቡ። ሲክሬት ቻት (እንደ ተለመደው ቻት ሰርቨር ላይ የማይቀመጠው የምስጢር ቻት) ውስጥ ያለ ወይም የቻናሉ ባለቤት ሊያጠፋው የሚችል ፋይል ካላችሁ ቀድማችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። መልሶ ማውረድም ፓኬጅ ይበላል፤ የምትፈልጉትን ዋይፋይ ስታገኙ አውርዱ።

እዚያው ገጽ ላይ የተከማቸውን ሚዲያ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በራሱ የሚያጠፋ ምርጫ አለ። ለቻናሎች 1 ሳምንት አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ያጸዳል። «አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ» ውስጥ ገብታችሁም ቪዲዮንና ፋይልን ዝጉ። ይህን ሳታደርጉ ብታጸዱ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይሞላል።

ሌላው ፈጣን ነው። ዋትስአፕ ላይ «ማኔጅ ስቶሬጅ» ትልልቅ ፋይሎችን ለይቶ ያቀርባል። ቲክቶክ ሴቲንግ ውስጥ «ፍሪ አፕ ስፔስ» አለ። ጋለሪ ላይ ያጠፋችሁት ፎቶ ብዙውን ጊዜ ለ30 ቀን ያህል ቅርጫት ውስጥ ስለሚቆይ ቅርጫቱንም ባዶ አድርጉ። አይፎን ያላችሁ ጄኔራል ውስጥ «አይፎን ስቶሬጅ» ገብታችሁ የማትጠቀሙበትን አፕ «ኦፍሎድ» ብትሉት አፑ ይነሳል፣ ዳታው ግን ይቆያል። አንድሮይድ ላይ «ክሊር ዳታ» የሚለውን ግን ከ«ክሊር ካሽ» ጋር አታምታቱ፤ እሱ አካውንታችሁን ጭምር ያስወጣችኋል።

3. ራሙን አታስጨንቁት

አፕ በዘጋችሁ ቁጥር ሁሉንም ጠርጋችሁ የምታስወጡ ከሆነ ተዉት። ራም 70 ወይም 80 በመቶ ተይዞ መገኘቱ ጤነኛ ነው። አንድሮይድ የምትመለሱበትን አፕ ሆን ብሎ ያቆየዋል። ጠርጋችሁ ስታስወጡት በሚቀጥለው ጊዜ ከስቶሬጅ እንደ አዲስ ይነሳል፤ ይህ ጊዜም ባትሪም ይፈጃል። መጥረግ የሚጠቅመው አንድ አፕ ቀጥ ሲልባችሁ ነው።

«ራም ቡስተር»፣ «ክሊነር» የሚባሉትንም አጥፏቸው። እነሱ ራሳቸው ራም ላይ ተቀምጠው ማስታወቂያ ያሳያሉ፤ የሚዘጉት አፕም ወዲያው ተመልሶ ይነሳል።

2 ወይም 3 ጊጋ ራም ላላት ስልክ የሚያዋጣው ፌስቡክ ላይትን የመሳሰሉ ቀለል ያሉ አፖች መጠቀም፣ የማያስፈልገውን አፕ ማራገፍና በየጥቂት ቀኑ ስልኩን ሪስታርት ማድረግ ነው።

ሳምሰንግ ላይ «ራም ፕላስ»፣ ቴክኖ ላይ «ሜሞሪ ፊውዥን» የሚባለው ነገር ከስቶሬጅ ቆርሶ እንደ ራም ይጠቀማል። ስቶሬጅ ከራም እጅግ የዘገየ ስለሆነ እውነተኛ ራም አይተካም። ከኋላ ጥቂት አፖች እንዲቆዩ ሊረዳ ይችላል። ስቶሬጃችሁ ጠቦ ከሆነ ግን ዝጉት ወይም ቀንሱት።

4. ሜሞሪ ካርድ ካስገባችሁ

ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ መዝሙር እሱ ላይ ይሁን። አፕ ግን አትጫኑበት። ካርድ ከስልኩ ስቶሬጅ ስለሚዘገይ አፑም ይዘገያል። የግድ ከሆነ ካርዱ ላይ ኤ1 ወይም ኤ2 የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ለአፕ የተሠሩት እነዚህ ናቸው። ዋጋው ከሌላው በጣም የረከሰ 256 ጊጋ ካርድ ስታገኙ ተጠንቀቁ። ቁጥሩ የውሸት ሆኖ፣ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ፋይላችሁን የሚያበላሽ ካርድ ገበያ ላይ አለ።

5. አዲስ ስልክ ልትገዙ ከሆነ

ስንት ጊጋ እንደሆነ ብቻ አትጠይቁ፣ የስቶሬጁንም ዓይነት ጠይቁ። ኢኤምኤምሲ 5.1 የሚባለው በሰከንድ ከ400 ሜጋባይት አያልፍም። ዩኤፍኤስ 2.2 ከ1000 በላይ መድረስ ይችላል። ሻጩ ካላወቀ የሞዴሉን ስም ጎግል ላይ ፈልጉ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 16 ጊጋ ራም ተጽፎ ከሥሩ በደቃቁ 8+8 የሚል ካለ፣ እውነተኛው ራም 8 ነው። ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ስልኩን አስከፍታችሁ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ላይ ራሳችሁ አረጋግጡ።