ሲፒዩው ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው

ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጥር 9 ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት እናት ከማራኪ እስከ ፒያሳ በባጃጅ ሲፒዩ አቅፈው መጡ። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። ሥራ ተቆልሎባቸዋል። በዚያ ሰሞን ጎንደር ውስጥ ፕሪንተር ያለው ሰው እንቅልፍ የለውም።

«ልጄ፣ ይነሳል፣ ይጮሃል፣ ስክሪኑ ግን ድርግም ብሏል። ቶሎ ፎርማት አድርግልኝና ልሂድ» አሉኝ።

ከእኔ ሞኒተር ጋር አገናኘሁት። ዊንዶውሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ብቅ አለ።

«እትዬ፣ የሞኒተሩ ኬብልስ?»

«ኬብሉማ ቤት ነው።»

በሽታውም ቤት ቀርቷል።

በነገራችን ላይ ሲፒዩ ማለት በትክክል ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ቺፕ ነው። ግን አገር ምድሩ ሳጥኑን ሲፒዩ ካለው እኔ ብቻዬን አልከራከርም። እዚህም ሳጥኑን ሲፒዩ እላለሁ፣ ቺፑን ፕሮሰሰር።

አሁን ወደ ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። ፎርማት እኛ ጋ እንደ ዳማከሴ ሆኗል፤ ለሁሉም ይታዘዛል። ግን ዊንዶውስ የተቀመጠው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ ራሱን ይፈትሻል። ራሙን (ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ያያል፣ ምስል ያወጣል፣ ሃርድ ዲስኩን የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። የዴል ወይም የኤችፒ አርማ እንኳ ሳይታይ ስክሪኑ ከጠቆረ፣ ዊንዶውስ ገና ተራው አልደረሰም። ባልደረሰበት ጥፋት ለምን ይቀጣል? ፎርማት ብታደርጉት የሚጠፋው የእናንተ ፋይል ነው፤ ጥቁሩ ስክሪን እዚያው ይጠብቃችኋል።

ስለዚህ እኔ ደንበኛ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የቱ ጋ ሲደርስ ነው የጠቆረው?» የሚል ነው።

ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት

ኮምፒውተሩን አብሩትና አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ኬፕስ ሎክን ተጫኑ። መብራቷ ስትነኩት በራ ጠፋ የምትል ከሆነ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ነቅቷል፤ የጠፋው ምስሉ ብቻ ነው። ኬብል፣ ሞኒተር ወይም ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያወጣው ክፍል) ጠርጥሩ። መብራቷ ከደነዘዘች ግን ኮምፒውተሩ ገና መንገድ ላይ ተይዟል። ራም፣ ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን)፣ ማዘርቦርድ ወደሚሉት ሂዱ።

ይቺ ፈተና አንድ ሳንቲም አታስወጣም፣ ግማሹን መንገድ ግን ታሳጥራለች።

ፋኑ ይዞራል፣ ኬፕስ ሎክ ይሠራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው

ሞኒተሩ እንደበራ ኬብሉን ከሲፒዩው ንቀሉት። «ኖ ሲግናል» ወይም «ኬብል ይፈትሹ» የሚል ጽሑፍ ካወጣ ሞኒተሩ በሕይወት አለ። ምንም ካላለና መብራቱም ካልበራ የራሱን የኃይል ገመድና ስፒና እዩ። መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ጭልም ካለ ደግሞ ኬብሉን መልሳችሁ የስልካችሁን ባትሪ ከጎን አብሩበት። ፊደሎች እንደ ጥላ ከታዩ የሞኒተሩ የኋላ መብራት ሞቷል። ሲፒዩውን ተዉት፤ ምንም አልበደለም።

ቀጥሎ ሞኒተሩ የሚሰማው በየትኛው በር እንደሆነ እዩ። ኬብሉ ቪጂኤ ላይ ተሰክቶ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ላይ ከተቀመጠ (ሁለቱም የምስል መሰኪያ ዓይነቶች ናቸው) እስከ ማታ ቢጠብቁት ጥቁር ነው። ጠረጴዛ ሲወለወል ቁልፉ ተነክቶ የሚቀየርበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሲፒዩውን ጀርባም ዙሩት። ተጨማሪ ግራፊክስ ካርድ ካለው የሞኒተር መሰኪያው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከዩኤስቢዎቹ ጎን፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ካርዱ ላይ። ካርድ ካለ ኬብሉ ካርዱ ላይ ይሰካ። ብዙ ኮምፒውተር ካርድ ሲያገኝ የላይኛውን በር ይዘጋዋል።

ቪጂኤ ኬብል ከሆነ ጫፉን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ፒኖቹን ቁጠሩ። በሦስት ረድፍ 15 ናቸው። የተጣመመ ካለ በቀጭን ነገር ቀስ ብላችሁ አቅኑ። አንዱ ቢጎድል ግን አትደንግጡ፤ 9ኛው ፒን ብዙ ኬብል ላይ ከፋብሪካው ጀምሮ የለም። አንድ ደንበኛዬ በዚህ ምክንያት ጤነኛ ኬብል ጥሎ አዲስ ገዝቷል። አዲሱም 9ኛ ፒን አልነበረውም።

ውጭ አገር ቢሮ ሠርተው የመጡት ዴልና ኤችፒዎች ብዙዎቹ ዲስፕሌይ ፖርት የሚባል ሌላ የምስል መሰኪያ አላቸው። እኛ ጋ ደግሞ ሞኒተሩ አሮጌ ቪጂኤ ነው። መሃላቸው ላይ የምትገባዋ ትንሽ መቀየሪያ ቶሎ ትሞታለች። ካለቻችሁ መጀመሪያ እሷን ቀይሩ።

የእትዬም ነገር እዚሁ ነበር። ኬብሉ ከግድግዳና ከጠረጴዛ መካከል ተጨፍልቆ ውስጡ ተቆርጧል።

ፋኑ ይዞራል፣ ኬፕስ ሎክ አይሠራም

እኔ ጋ ከሚመጣው አብዛኛው ይሄ ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ራም ነው። የጎንደር የበጋ አቧራ በፋኑ በኩል ይገባል፣ ክረምት ሲመጣ እርጥበቱ ይጨመርበታል፣ የራሙ ወርቃማ ጥርሶች ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። በዚያ ላይ ባጃጅ ሲያንገጫግጨው ራሙ ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ያ ትንሽ ይበቃዋል።

ስፒናውን ከግድግዳ ንቀሉ። የማብሪያ ቁልፉን 15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ክዳኑን ክፈቱና የሳጥኑን ባዶ ብረት በእጃችሁ ንኩ፤ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ ቺፕ ይገድላል። ሹራብ ለብሳችሁ ባትሠሩ ይመረጣል።

የራሙን ጫፍና ጫፍ መያዣዎች ከፍታችሁ አውጡት። ጥርሶቹን በነጭ የተማሪ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ሁለቱንም ጎን ጥረጉ። ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። በአፍ አትንፉ፤ ምራቅ ይረጫል። ማስገቢያውንም በብሩሽ ጥረጉት። መልሳችሁ ስታስገቡ ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ተጫኑ። ብዙ ሰው ፈርቶ በግማሽ ይተወዋል።

ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ አስገብታችሁ ሞክሩ። ከዚያ ሌላውን። ከዚያ ሌላ ማስገቢያ። አዲስ ራም የምትገዙ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 በዓይን ይመሳሰላሉ፣ ቁርጣቸው ግን የተለያየ ቦታ ላይ ነው። አልገባ ካለ በጉልበት አይሆንም።

ዲዲአር5 ያላቸው አዳዲሶቹ ደግሞ ራም ሲነካባቸው መጀመሪያ ለደቂቃዎች ሊጠቁሩ ይችላሉ። እያጠፋችሁ አታስቸግሯቸው።

ድምፁንም ስሙት። ጢጥ ጢጥ ካለ ወይም የማብሪያው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒውተሩ በሽታውን እየነገራችሁ ነው። በስልክ ቪዲዮ ቅረጹትና ስንት ጊዜ እንደሆነ ቁጠሩ። ትርጉሙ እንደ ኩባንያው ይለያያል። የሞዴሉን ስም ከቁጥሩ ጋር ፈልጉት። ዴል ቁልፉ ላይ ብርቱካናማ መብራት፣ ኤችፒ ቀይ መብራት ያርገበግባል።

አንድ የምወዳት ዘዴ አለች። ጢጥ የሚል ስፒከር ላለው ኮምፒውተር ሁሉንም ራም አውጡና አብሩት። እየጮኸ ካማረረ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ቢያንስ «ራሜ የታለ?» ለማለት በቅተዋል። ጭጭ ካለ ነገሩ ከራም በላይ ነው።

ራም ካልሆነ ግራፊክስ ካርዱን አውጥታችሁ በማዘርቦርዱ በር ሞክሩ። ከዚያ ፕሮሰሰሩ አጠገብ የምትሰካውን ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ እዩ። እሷ ከወለቀች ፋን ሁሉ ይዞራል፣ ፕሮሰሰሩ ግን ምግብ አላገኘም። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ክብ ካፓሲተሮችም (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትንንሽ ቆርቆሮዎች) እዩ፤ አናታቸው ካበጠ ወይም ቡናማ ነገር ካፈሰሱ እዚያ ላይ አቁሙ።

ባትሪዋም አለች። ሳንቲም የምትመስለው ባለ 3 ቮልት ሲአር 2032። ስትደክም ቀኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። የአንዱ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር በ2018 የእኛ ዓመት ቀኑን 2018 ያሳይ ነበር። ባለቤቱ «ዘመን አቆጣጠሩን ለመደ» ብሎ ይስቅ ነበር፣ ፈረንጅኛው ዓመት እንደተሳሳተ ሳያውቅ። ባትሪዋን ስፒናው እንደተነቀለ አውጥታችሁ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱ፤ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ምስሉም አብሮት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ አልገባም ካለ ሃርድ ዲስኩ ሞተ አትበሉ። ባዮሱ ውስጥ የሳታ ሞድ (ሃርድ ዲስኩ የሚነበብበት ስልት) ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ወይም በተቃራኒው ተቀይሮ ይሆናል። መልሱት።

ጭራሽ አይነሳም

የኤሌክትሪክ ነገር ነው። ማከፋፈያውን ትታችሁ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰኩት። መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ እምቢ ያለ ከሆነ ስፒናውን ነቅላችሁ ቁልፉን ግማሽ ደቂቃ ያዙ፣ ትንሽ አሳርፉት፣ መልሳችሁ ሰኩ። ብዙ ፓወር ሰፕላይ ድንገተኛ ቮልቴጅ ሲመጣበት ራሱን ይቆልፋል፤ ሞቷል ማለት አይደለም።

አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ ላይ 115 እና 230 የተጻፈባት ቀይ መቀየሪያ አለች። አትንኳት። የእኛ አገር 220 ቮልት ነው፣ ሁልጊዜም 230 ላይ ትቀመጥ። እኔ ሥራ ስጀምር «ይቺ ምንድን ናት» ብዬ ወደ 115 ገፋኋት። እንደ ርችት ጮኸ፣ ሽታው ለሁለት ቀን አልለቀቀኝም፣ ፓወር ሰፕላዩንም ከኪሴ ተካሁ። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ራሱን ደግሞ አትክፈቱ። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሰው የሚመታ ቻርጅ ይይዛሉ።

አዘዞ አካባቢ የሚኖሩ አንድ መምህር ኮምፒውተራቸው «ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ» እየጠፋ ይጠቁር ነበር። ሦስት ጊዜ አመላለሱት፣ እኔ ጋ ምንም የለውም። በመጨረሻ ቤት ሄድኩ። ቅዳሜ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ሲሆኑ ቮልቴጁ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ወይ ምጣዱ ወይ ኮምፒውተሩ» አልኳቸው።

«ታዲያ እንጀራ ይቅር ልበል?»

ለኮምፒውተሩ ሌላ መስመር ተሳበለት።

ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አያቆይም፤ የሚያቆየው ዩፒኤስ ነው። ዩፒኤስ ካላችሁ ሌዘር ፕሪንተር አትሰኩበት። ሲሞቅ የሚስበው ብዙ ነው፣ ኮምፒውተሩን ይዞት ይወድቃል።

አርማው ይታያል፣ ከዚያ ይጠቁራል

አሁን ነው ዊንዶውስን መጠርጠር። አፕዴት እየጫነ ከነበረ የሃርድ ዲስኩ መብራት እስካረገበገበ ድረስ ጠብቁ። ካልሆነ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን አንድ ላይ ተጫኑ፤ የምስሉን ድራይቨር (ዊንዶውስን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) እንደገና ያስነሳዋል። ማውሱ ብቻ ጥቁር ላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ከመጣ ከፋይል ስር «ረን ኒው ታስክ» ብላችሁ ኤክስፕሎረር ብላችሁ ጻፉ። ዴስክቶፑ ይመለሳል።

ካልተመለሰ ሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስን በግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ማስነሳት። ዊንዶውስ መነሳት ሲጀምር ቁልፉን ይዛችሁ አጥፉት፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደግሙ የመጠገኛው ገጽ ራሱ ይመጣል። ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፣ ከዚያ 4 ቁጥር። በሴፍ ሞድ ከገባ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የግራፊክስ ድራይቨር ነው። ከዲቫይስ ማናጀር አጥፉትና እንደገና አስነሱት።

ይሄ ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ካለ፣ ያኔ ፎርማት። እሱም ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ፣ ፋይሉ ከተገለበጠ በኋላ። ባለሙያው «ፋይል አለህ?» ሳይል ፎርማት ከጀመረ ሲፒዩአችሁን አንሱና ውጡ።

ወደ ጥገና የምትወስዱት ከሆነ ኬብሉንም፣ መቀየሪያውንም፣ ከቻላችሁ ሞኒተሩንም ያዙ። ባጃጅ ላይ ሳጥኑን አታቁሙት። ማዘርቦርዱ ያለበት ጎን ከታች ሆኖ ጭናችሁ ላይ አስተኙት፤ ያኔ ግራፊክስ ካርዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ መንገዱ ሲያንገጫግጭ ክብደቱ ማስገቢያውን አይሰብረውም።